ምላስ ነጭ ሲለብስ፦ ስለ አፍ ፈንገስ የሚባለውና እውነታው

ስኳር፣ አስም፣ ኤችአይቪ ወይም ካንሰር ያለበት ሰው በሚታመምበት ቤት አንድ ቀን እርጎ የረጋበት የመሰለ ነጭ ነገር ምላስና ጉንጭ ላይ ይታያል። ሕመምተኛው ምግብ አልጣፍጥ ይለዋል፤ አፉ ይቃጠላል። በጋሞ ምድር ባለው ምዕራብ ዓባያም ሆነ ሌላ ቦታ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ምክር ይዞ ይመጣል። ከምክሮቹ አንዳንዱ ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ግን ቀላሉን ሕመም ያከብደዋል። ደጋግመው የሚሰሙትን ከእውነታው ጋር እናስተያያቸው።

ተረት 1፦ አፉ ነጭ የሆነ ሰው ኤችአይቪ አለበት።

እውነታ፦ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍ ውስጥ ሳይጎዳ ይኖራል። የሚበዛው የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ወይም የአፍ ሚዛን ሲዛባ ነው። ስኳሩ ከፍ ያለበት፣ ስቴሮይድ ያለበት የአስም ኢንሄለር የሚጠቀም፣ ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ፣ ኬሞቴራፒ ላይ ያለ፣ አንቲባዮቲክ ሲወስድ የሰነበተ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው አዛውንት፣ ገና የተወለደ ሕፃን፣ ሁሉንም ሊይዛቸው ይችላል። ስለዚህ በነጭ ምላስ ብቻ በማንም ላይ አይፈረድም። ምክንያቱ ሳይታወቅ አዋቂ ሰው ላይ ከወጣ ግን የስኳርና የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ኤችአይቪ በደሙ ባለበት ሰው ላይ አልለቅ ያለ የአፍ ፈንገስን የሕመሙ ሦስተኛ ደረጃ ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ተረት 2፦ ነጩ ቆሻሻ ስለሆነ በጨርቅ ፈትጎ ማንሳት ነው።

እውነታ፦ ነጩ ሲፋቅ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ይወጣል፤ ሊደማም ይችላል። ቁስሉ ይሰፋል እንጂ ፈንገሱ አያልቅም። ጥርስን ለስላሳ ብሩሽ ወይም ጫፉ በደንብ የታኘከ መፋቂያ ያጸዳዋል፤ የታመመውን ምላስ ግን በኃይል አይፋቁበት። ራሱን ማጠብ የማይችል ሕመምተኛ ካለ፣ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጣት ላይ ጠቅልሎ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ አርሶ አፉን ቀስ ብሎ ማርጠብ ይበቃል።

ተረት 3፦ ምች ነው፤ ዳማከሴ ይሻለዋል።

እውነታ፦ በተለምዶ ምች የምንለው ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ብዙ ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ ነው። የአፍ ዳር ግራና ቀኝ ሲሰነጠቅና ሲያቃጥል፣ በተለይ የአፉ ውስጥ ነጭ ከሆነ፣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነው።

ተረት 4፦ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ ወይም አረቄ ፈንገሱን ይገድለዋል።

እውነታ፦ እነዚህ የቆሰለን አፍ ያቃጥላሉ፤ አረቄ ደግሞ ያደርቀዋል፤ የደረቀ አፍ ለፈንገስ ይመቸዋል። ማር ሕመሙን ለጊዜው ቢያለሰልስም ስኳር ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም። ወይን ጠጁ የቁስል ቀለም ጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት) በእርግጥ ፈንገስ ይገድላል። ነገር ግን ሳይቀጥን ከተቀባ የአፍን ውስጠኛ ቆዳ ራሱ ያቆስላልና፣ ለገላ ቁስል የተገዛውን አፍ ውስጥ አይጨምሩ። ቤት ውስጥ በደህና የሚሠራው ተራው ነገር ነው፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ፣ በቀን ደጋግሞ ተጉመጥሙጦ መትፋት። ይህ ያጸዳል፣ ያስታግሳል፤ መድኃኒቱን ግን አይተካም።

ተረት 5፦ ከመድኃኒት ቤት ካፕሱል ገዝቶ መዋጥ ይበቃል።

እውነታ፦ አሞክሲሲሊንና ቴትራሳይክሊን የሚገድሉት ባክቴሪያን ነው። ፈንገሱን አይነኩትም፤ ይልቁንም የሚሻሙትን ባክቴሪያዎች አጥፍተው ቦታውን ይለቁለታል። ትክክለኛው መድኃኒት ፀረ ፈንገስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፈሳሹ ኒስታቲን ሲሆን፣ በቀን አራት ጊዜ ከምግብ በኋላ አፍ ውስጥ ተይዞ ይዘዋወራል። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል አለመብላትና አለመጠጣት ጥሩ ነው። ነጩ ስለጠፋ ብቻ አይቆምም፤ ከጠፋም በኋላ ቢያንስ ለሁለት ቀን ይቀጥላል። ለጠነከረው ሕመም የሚታዘዘው ፍሉኮናዞል ግን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል፦ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለውን የስኳር ክኒን ጉልበት ጨምሮ ስኳርን ከመጠን በላይ ሊያወርድ፣ ከዋርፋሪን ጋር ደም ሊያፈስ ይችላል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ እርጉዝም ከሆኑ እርግዝናዎን፣ ለባለሙያው ሳይነግሩ አይውሰዱት።

ተረት 6፦ አፌን ያቆሰለው የምወስደው መድኃኒት ስለሆነ ላቁመው።

እውነታ፦ ከሁሉም የሚያስፈራው ስህተት ይህ ነው። ኢንሄለሩን ያቆመ ትንፋሹ ሊያጥር ይችላል። መፍትሔው ኢንሄለሩን ከሳቡ በኋላ አፍን በውሃ ተጉመጥሙጦ መትፋትና የሚገኝ ከሆነ ስፔሰር (ኢንሄለሩ ላይ የሚገጠም ቱቦ) መጠቀም ነው። ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱን ቢተው ስኳሩ ይወጣል፤ ፈንገሱም ይበረታል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትን ማቋረጥ ደግሞ የፈንገሱን ዋና ምክንያት መልሶ መጋበዝ ነው። መድኃኒቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማስረጃው እዚሁ ጋሞ ምድር ውስጥ አለ። የአርባ ምንጭ ሆስፒታል ይህን መድኃኒት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በዚያው ሆስፒታል ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ በ2006 የታተመ ጥናት መድኃኒቱ ሞትንና የሳንባ ነቀርሳን እንደሚከላከል አሳይቷል።

ተረት 7፦ ሲውጥ ካመመው እንጥሉ ነው፤ ይቆረጥ።

እውነታ፦ ነጭ አፍ ያለው ሰው ሲውጥ ደረቱ ድረስ ካመመው ፈንገሱ ወደ ምግብ ቧንቧ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ይህ በአፍ በሚያዝ ፈሳሽ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። እንጥል ማስቆረጥ በዚህ ላይ መድማትንና ሌላ ቁስለትን ይጨምርበታል እንጂ አያድነውም።

ተረት 8፦ ይጋባልና ሳህኑና ብርጭቆው ይለይ።

እውነታ፦ አብሮ በመብላትና በመጠጣት ጤነኛ ሰው አይታመምም። ጥንቃቄ የሚያሻው በሚያጠባ እናትና በሕፃኗ መካከል ነው። ፈንገሱ ከአፍ ወደ ጡት፣ ከጡት ወደ አፍ ስለሚመላለስ ሁለቱም አብረው ይታከማሉ፤ ማጥባት ግን አይቆምም።

ሕመምተኛው ምን ይብላ? ቀዝቀዝ ያለ የቡላ ሙቅ፣ የአካባቢው ሙዝ፣ አጥንቱ የወጣለት የዓባያ ዓሣ፣ በደንብ የበሰለ የሺፈራው ቅጠል አፍ ሳያቆስሉ ጉልበት ይሰጣሉ። ስኳር ያለበት ሰው ሙዙንና ሙቁን ይመጥን። ዳጣና በርበሬ፣ ትኩስ ቡናም አፉ እስኪድን ይቆዩለት። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ማታ ይውለቅ፣ ይታጠብ፤ የጥርስ ብሩሽም ከዳኑ በኋላ ይለወጥ።

መዋጥ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ትኩሳት ከተጨመረ፣ ሕፃን ጡት እምቢ ካለ፣ ነጩ በሁለት ሳምንት ካልጠፋ ወይም ጠፍቶ ከተመለሰ ጊዜ አይሰጠውም። ሁለት ሳምንት ያልዳነ የአፍ ቁስልም ፈንገስ ላይሆን ስለሚችል ይታይ። የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያማክሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እዚያም መድኃኒት ብቻ ተቀብለው አይመለሱ፤ ፈንገሱ ለምን እንደ ወጣ ይጠይቁ፤ ምክንያቱ ካልታከመ ተመልሶ ይመጣልና።