ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ቆጣሪ

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ፕሮግራመር በሲዳሙ አፎና በአማርኛ የተጻፉ ሰነዶችን የሚፈልግ ፕሮግራም ሠራ እንበል። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 1 ባይት ይይዛል፤ የግዕዝ ፊደል ግን 3 ባይት ነው። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች መረጃ ከራም ወደ ካሽ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ወዳለው ፈጣን ማኅደር፣ የሚመጣው በ64 ባይት እሽግ በመሆኑ፣ በአንድ እሽግ 64 የላቲን ፊደላት ሲገቡ ከግዕዙ የሚገቡት 21 ብቻ ናቸው። እርግጥ አንዱ የግዕዝ ሆሄ ተነባቢና አናባቢን አብሮ ስለሚይዝ ልዩነቱ ሙሉ 3 እጥፍ አይሆንም። ታዲያ የአማርኛው ፍለጋ ቢዘገይ ሰበቡ ፊደሉ ነው፣ ኮዱ ነው ወይስ ራሙ? ሰዓት መያዝ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ እንጂ ለምን እንደፈጀ አይናገርም። ለዚህ ጥያቄ የተሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የአፈጻጸም ቆጣሪ ነው።

ቆጣሪው ትንሽ ሬጅስተር ነው። የሚቆጥረው ነገር «ክስተት» ይባላል፦ የተፈጸመ ትእዛዝ፣ ያለፈ የሰዓት ምት፣ ካሽ ውስጥ ታጥቶ ራም ድረስ ያስኬደ መረጃ፣ ሳይሳካ የቀረ የቅርንጫፍ ግምት። ክስተቱ በደረሰ ቁጥር ሃርድዌሩ ራሱ 1 ይጨምራል፤ ፕሮግራሙ በዚህ ምክንያት አይዘገይም። የቤት መብራት ቆጣሪ ስንት እንደፈጀን እንጂ የፈጀው ምጣዱ ይሁን ማቀዝቀዣው አይነግረንም። ይህኛው ግን የተወሰነ ቁጥር ላይ ሲደርስ ኢንተራፕት እንዲያስነሳ ማድረግ ይቻላል። ያኔ የሥርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ፕሮግራሙ የትኛው መስመር አካባቢ እንደነበር ይመዘግባል፤ መዝገቡ ሲጠራቀም ጊዜ የሚበላው ቦታ ይታወቃል።

ኢንቴል በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፔንቲየም ውስጥ 2 ቆጣሪዎች ነበሩ፤ አጠቃቀማቸውን ግን ለሁሉም አልገለጸም ነበር። በ1994 ኖርዌጂያዊው ፕሮግራመር ቴርዬ ማቲሰን ምስጢሩን ባይት በተባለው መጽሔት ላይ አወጣው። ሊኑክስ ከርነል እንዲህ ያሉ ቆጣሪዎችን የሚያነበውን የፐርፍ ሥርዓት ያገኘው በ2009፣ በ2.6.31 እትሙ ነው፤ ሥራውን የጀመሩት ኢንጎ ሞልናርና ቶማስ ግላይክስነር ናቸው።

በሃርድዌሩና በተጠቃሚው መካከል የቆመው ድራይቨር ነው፤ ከባዱ ውሳኔም ያለው እሱ ዘንድ ነው። መጀመሪያ የስም ጉዳይ አለ። ፕሮሰሰሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክስተቶችን በቁጥር ኮድ ያውቃል፤ ድራይቨሩ ከነዚህ መርጦ የሚነበብ ስም ይሰጣል። «የካሽ እጦት» ሲል የትኛውን ካሽ ነው? ንባብን ብቻ ወይስ ጽሕፈትንም? ሃርድዌሩ አስቀድሞ ገምቶ ያመጣው እሽግስ ይቆጠራል? የኛ ፍለጋ ጽሑፉን በተርታ ስለሚያነብ ሃርድዌሩ ቀጣዩን እሽግ ሳይጠየቅ ያመጣል። ያን የማይቆጥር ክስተት ከተመረጠ አማርኛው ምንም ችግር የሌለበት ይመስላል።

ሁለተኛው የስፋት ጉዳይ ነው። በ3 ጊጋኸርትዝ ምት የሚቆጥር ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 1.4 ሰከንድ ገደማ ሲሆነው ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል፤ ባለ 48 ቢቱ ግን 26 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ድራይቨሩ መሙላቱን በጊዜው ካልያዘ የሚወጣው ቁጥር ሐሰት ነው።

ሦስተኛው የብዛት ጉዳይ ነው። ቆጣሪው 4፣ የተጠየቀው ክስተት 8 ከሆነ ከርነሉ ተራ ያስይዛቸዋል። እያንዳንዱ ግማሹን ጊዜ ብቻ ስለሚቆጥር ውጤቱ በ2 ይባዛል። ፐርፍ በመስመሩ መጨረሻ 50 በመቶ ብሎ ከጻፈ ያዩት ቆጠራ ሳይሆን ግምት ነው።

አራተኛው ባለቤትነት ነው። የራም መቆጣጠሪያው ቆጣሪ ሁሉንም ኮሮች በአንድነት ስለሚያገለግል የአንድን ፕሮግራም ድርሻ ለይቶ መናገር አይችልም። ጥሩ ድራይቨር እንዲህ ያለውን ጥያቄ ስህተት ብሎ ይመልሳል፤ የማይገባ ቁጥር ከመስጠት እምቢ ማለት ይሻላል። በዚያ ላይ ቆጠራው የሌላውን ሰው ሥራ ሊያጋልጥ ስለሚችል ፈቃድ ይጠየቅበታል።

ይህን ለመሞከር ልዩ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ሰው ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ ቢጭን ይበቃዋል። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ግን ቆጣሪዎቹ ብዙ ጊዜ ስለማይታዩ ዲስኩ ላይ በቀጥታ መጫን ይመረጣል። የሲዳሙ አፎውንና የአማርኛውን ጽሑፍ ፍለጋ «ፐርፍ ስታት» በተባለው ትእዛዝ ይመዝኑ፤ ቁጥሩን ከማመንዎ በፊት ግን ክስተቱ በትክክል ምን እንደሚቆጥር የፕሮሰሰሩን መመሪያ ከፍተው ያንብቡ።