አሮጌው ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11ን ይችላል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል።

ብዙ አሮጌ ኮምፒውተር የሚወድቀው ግን በራም ሳይሆን በፕሮሰሰሩ ነው። ከኢንቴል በአብዛኛው የሚፈቀደው 8ኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ የወጣው ነው። «አይ5-7200ዩ» የሚል ካያችሁ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለችው 7 ትውልዱን ትናገራለች፤ ይህ አያልፍም።

ስለዚህ፣ ላፕቶፕ አገር ቤት ላለ ዘመድ ከመላካችሁ በፊት «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የተባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም ጭናችሁ አረጋግጡ። ካላለፈም አትጣሉት፤ ሊኑክስ የተባለውን ሌላ ስርዓተ ክወና ጫኑበትና ላኩት፣ ለተማሪ ንባብና ጽሑፍ በደንብ ያገለግላል።