ስለ ኤሌክትሪክ ጊታርና ስለ አቶ ሰላም ሥዩም

ባለፈው ክረምት ከደብረ ብርሃን ወደ ሞላሌ በሚመጣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሳለሁ ሹፌሩ አንድ የቆየ የማሕሙድ አህመድ ዘፈን ከፈተ። ተሳፋሪው ሁሉ ዘፋኙን ዐወቀው፤ ያወቀውም አብሮ አዜመ። በዘፈኑ መካከል ዘፋኙ ዝም ሲልና ጊታሩ ብቻውን ሲናገር «ይህን የሚመታው ማን ይሆን?» ብዬ አጠገቤ የተቀመጡትን አባት ብጠይቃቸው፣ «እሱማ ሙዚቃው ነዋ፣ ልጄ!» ብለው ሳቁብኝ። ይህ መልስ ከአእምሮዬ ስላልጠፋ፣ በዘንድሮው መጽሔታችን «ሙዚቃው» ስለተባለው ሰው ልጽፍ ተነሣሁ።

ማሕሙድን በዚያን ዘመን ያጅብ የነበረው አይቤክስ ባንድ ሲሆን፣ የባንዱም ጊታር መቺ አቶ ሰላም ሥዩም ወልደ ማርያም ነበሩ። የሙያ ጓደኞቻቸው «ሰላሚኖ» ይሏቸዋል። ወደ ሥራቸው ከመግባቴ በፊት ግን ስለ መሣሪያው ጥቂት ላስረዳ፤ መሣሪያውን ሳያውቁ ባለሙያውን ማመስገን ከንቱ ነውና።

ክራር ሲመታ ድምፁን የሚያጎላው ቆዳ የተለበጠው ገበቴ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር አካል ግን ብዙውን ጊዜ ድፍን እንጨት ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክ ሳይኖር ቢመታ ድምፁ ከወባ ትንኝ ጩኸት ብዙም አይበልጥም። ከብረት ክሮቹ ሥር ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት አለ። ክሩ በተርገበገበ ቁጥር በሽቦው ውስጥ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ ይህም ወደ አምፕሊፋየር ሄዶ ይጎላል። አምፕሊፋየሩ ከዐቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ይሻክራል፣ ይጮኻል። ቀድሞ ይህ የመሣሪያ ብልሽት ይባል ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን፣ በ1970 በ27 ዓመቱ የሞተው አሜሪካዊው ጂሚ ሄንድሪክስና መሰሎቹ ብልሽቱን ጌጥ አደረጉት። ሃርድ ሮክ የተባለው ሙዚቃም በዚህ ድምፅ ላይ ቆመ።

ታዲያ ይህ ድምፅ ከእኛ ጆሮ ጋር ምን አገናኘው? ነገሩ የሚገርም ነው። ትዝታ ሜጀር የተባለው ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚህኑ አምስት ድምፆች ከላ ጀምረን ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ብለን ብንደረድራቸው፣ የሮክ ጊታር መቺዎች አብዝተው የሚመላለሱበትን መሰላል እናገኛለን። ስለዚህ ክራር ሲሰማ ያደገ ልጅ ጊታር ቢይዝ ፈጽሞ እንግዳ አገር አልገባም ማለት ነው። አንቺ ሆዬ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ከሮክ ሸክላ መማር አይቻልም።

አይቤክስ በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል ይጫወት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ከማሕሙድ አህመድ ጋር የሠሩት «ኧረ መላ መላ» በሸክላ ታተመ፤ በ1986ም ብራሰልስ ከተማ ውስጥ እንደገና ወጥቶ የአውሮፓ ሰው የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ የሰማበት በር ሆነ። ከአይቤክስም ሮሃ ባንድ ተወለደ፤ አቶ ሰላም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ጊታር ቀጠሉ። ጊዜው የካሴት ጊዜ ነበር። ኤፍሬም ታምሩም ሆነ ነዋይ ደበበ ካሴት ሲያወጡ ከኋላ ሮሃ አለ። በደርግ ዘመን በነበረው የሰዓት እላፊ ምክንያት ወደ ምሽት ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል፣ ባንዶች ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወቱበት ጊዜም ነበር። ጣት አይደክምምን?

የአጃቢ ጊታር መቺ ሥራ ከሃርድ ሮክ ጊታር መቺ ሥራ የተለየ ነው። የሮኩ ሰው ከፊት ቆሞ ሕዝቡን ያስጮኻል። አጃቢው ግን በቤዝና በከበሮ መካከል አጭር ምት እየቆረጠ ይመላልሳል፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ማሲንቆ ለአዝማሪው እንደሚመልስ ሁሉ፣ አንዲት ሐረግ መልሶ ዝም ይላል። ሙሉ ቃል የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። ይህኛው ይከብዳል ባይ ነኝ፤ መጮኽ ለሚችል ሰው ዝም ማለት ቀላል አይደለምና።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። አቶ ሰላም ጊታራቸውን ሳይጥሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ተምረዋል፤ ጥናታቸውንም ያደረጉት በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አጀማመርና እድገት ላይ ነው። ማታ የሚመቱትን ቀን መረመሩት ማለት ነው። በኋላም ወደ አሜሪካ ሄደው ኑሯቸውን በዚያ አደረጉ።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከዘይት ቆርቆሮ፣ ከጥድ ጣውላና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ጊታር ሠርቷል። አባቱ «ወይ ደብተርህን ወይ ቆርቆሮህን ምረጥ፤ ከቤቴ አዝማሪ አይወጣም» ብለውታል። አዝማሪ የሚለው ቃል እስከ ዛሬ እንደ ስድብ ይወረወራልና አባቱን ብቻ መውቀስ አይገባም። ጓደኛዬ ጃኖ ባንድ በ2012 በአውሮፓ አቆጣጠር ያወጣውን «ኤርታሌ» የተባለ የሮክ አልበም እየጠቀሰ ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር፤ አባቱ ግን ሮክ ምን እንደሆነ ገና ሳይሰሙ ስሙን ጠሉት። እኔም በበኩሌ ስለ አቶ ሰላም ዩኒቨርሲቲ መማር አጫወትኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «የተማረው ምን ነበር አልከኝ?» አሉ። ታሪክ መሆኑን ነገርኳቸው።

ቆርቆሮው እስካሁን አልተጣለም። አራት ሽቦ አለው፤ ጓደኛዬ ትዝታን ሙሉ ለማድረግ አምስተኛውን በመፈለግ ላይ ነው።