የዘፈቀደ ጉዞና የቈጠራ ጥበብ

ካርል ፒርሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፣ አንድ ሰው በየርምጃው አቅጣጫውን በዘፈቀደ እየለወጠ ቢጓዝ ከመነሻው ምን ያህል ርቆ ሊገኝ ይችላል የሚለውን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1905 ኔቸር በተባለው መጽሔት ካቀረበ እነሆ 120 ዓመት ተፈጸመ፤ የዘፈቀደ ጉዞ የሚባለው ይህ ጥናት ከዚያ ወዲህ እስከ ፊዚክስና እስከ ገበያ ዋጋ ቢስፋፋም፣ መሠረቱ ዛሬም ኮምቢናቶሪክስ የሚሉት የቈጠራ ጥበብ ነው፤ የላሊበላን 11 አብያተ ክርስቲያናት ስንት በሚሆን ልዩ ልዩ ተራ መሳለም ይቻላል ብሎ ለሚጠይቅ ምእመን፣ 39,916,800 ብሎ የሚመልስለት ይኸው ጥበብ ነውና።

በሳንቲም ፍርድ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚራመድ ሰው በአራት ርምጃ 16 መንገድ ሲኖረው፣ ወደ መነሻው የሚመልሱት 6ቱ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ዕድል ማለት መንገዶቹ ከተቈጠሩ በኋላ የሚገኝ ድርሻ ነው። የሒሳብ ሊቁ በርትራንድ እ.ኤ.አ. በ1887 ያነሣው፣ አሸናፊው ተወዳዳሪ ድምፅ በሚቈጠርበት ጊዜ ሁሉ ሲመራ የመቈየት ዕድሉ ስንት ነው የሚለው የምርጫ ድምፅ ጥያቄም ከዚሁ ወገን ነው። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1921፣ በመስመርና በሜዳ የሚንከራተት ተጓዥ ያለ ጥርጥር እንደሚመለስ፣ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ ሲጨመርለት ግን ሳይመለስ ሊቀር እንደሚችል አስረዳ።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚመስጠው የክበብ ጉዞ ነው። 30 ስፍራ ባለው ክበብ በሳንቲም ፍርድ የሚራመድ ሰው ሁሉንም ለመርገጥ በአማካይ 435 ርምጃ ያስፈልገዋል፤ በመጨረሻ የሚረገጠውም ስፍራ፣ ለመነሻው የቀረበ ቢሆን ወይም በአንጻሩ ያለ፣ ከ29ኙ ማናቸውም እኩል ዕድል አለው።

ይህ ክበብ ለላስታ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቈጠራ በሆነው በባሕረ ሐሳብ፣ የጨረቃን ዕድሜ የሚያመለክተው ቍጥር አበቅቴ በየዓመቱ 11 እየጨመረ፣ በ30 እየተገደፈ፣ በ19ኛው ዓመት አንድ ተጨምሮለት ወደ መነሻው ይመለሳልና። ለ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7518 በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ተትቶ ወንበር የሚባለው ቀሪ 12፣ ይህም በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ እስከ 30 የሚጐድለው መጥቅዑም 18 ይሆናል፤ መስከረም 18 እሑድ ስለ ዋለም ተውሳክ የሚባለው የዕለቱ ጭማሪ 7 ተደምሮ፣ የአጽዋማትና የበዓላት መወሰኛ የሆነው መባጃ ሐመሩ 25፣ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 4 ይውላል።

የአበቅቴ ርምጃ በሕግ የተወሰነ፣ የክበቡ ተጓዥ ርምጃ ለዕድል የተተወ መሆኑ ባይካድም፣ ሁለቱም በዝግ ክበብ ላይ መመላለስን የሚቈጥሩ ናቸው። ስለዚህ በላሊበላም በወልድያም የምትገኙ የሒሳብ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን የዘፈቀደ ጉዞን ስታስተምሩ ከአበቅቴ ጀምሩላቸው፤ የባሕረ ሐሳብ መምህራንንም ወደ ክፍላችሁ ጋብዙ።