ከሊኑክስ በፊት የሚሠራ ስሌት

ዩ-ቡት በራውተሮች፣ በኔትወርክ መሣሪያዎችና በሌሎች ትናንሽ ኮምፒውተሮች ውስጥ ከሊኑክስ ቀድሞ የሚነሣ ቡትሎደር ነው። መነሻው የቮልፍጋንግ ዴንክ ፒፒሲቡት ሲሆን የአሁኑን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የራሱ የትዕዛዝ መስመር አለው፤ በዚያ መስመር ላይ የሚያሰላው ትዕዛዝ ሴትኤክስፐር ይባላል። ሁለት ቁጥሮችንና አንድ የስሌት ምልክት ተቀብሎ ውጤቱን በተለዋዋጭ ያስቀምጣል። ቅንፍ አያውቅም።

ጠባብነቱ ፋይል ወደ ሚሞሪ ካርድ ሲጻፍ ይታያል። የመጻፊያው ትዕዛዝ የሚጠይቀው ባለ 512 ባይት ብሎክ ስንት እንደሆነ ነው። ስለዚህ በአንድ መስመር የፋይሉ መጠን ላይ 511 ይደመራል፣ በሌላው ድምሩ ለ512 ይካፈላል፤ ሳይደመር ከተካፈለ የፋይሉ መጨረሻ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። አንድ መስመር የሚበቃው ስሌት ሁለት ፈጀ፤ ጉዳቱ ከዚህ አያልፍም።

ከባዱ ጉዳይ የቁጥር መሠረት ነው። ሴትኤክስፐር ቁጥርን የሚያነበውም ውጤቱን የሚጽፈውም በ16 መሠረት ነው፤ 9 ላይ 1 ሲደመር «ኤ» የሚለውን ፊደል ይሰጣል። የሚሞሪ አድራሻና የተጫነ ፋይል መጠን በዚሁ መሠረት ስለሚጻፉ ምርጫው ተገቢ ነበር። መሣሪያው ስንት ጊዜ ለመነሣት እንደሞከረ የሚመዘግበው ቆጣሪና የሙከራው ገደብ ግን በ10 መሠረት ይጻፋሉ። ገደቡ 10፣ ቆጣሪው 9 ሲሆን የቀረው ሙከራ 1 ነው። ሴትኤክስፐር 10ን እንደ 16 ስለሚያነበው መልሱ 7 ይሆናል፤ አንዳች የስህተት መልእክትም አያወጣም። ገደቡ 3 ወይም 5 በሆነበት ፍተሻ ደግሞ ስህተቱ ፈጽሞ አይታይም፤ እስከ 9 ድረስ ሁለቱ መሠረቶች አይለያዩምና።

እንዲህ ያለ ስህተት ለሶማሌላንድ ዋና ከተማ ለሀርጌሳ ቀላል ነገር አይደለም። የቴሌኮም ኩባንያው ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድ የተባለውን የስልክ ክፍያ ከጀመረ ወዲህ የከተማዋ ግብይት በስልክ ክፍያ ላይ የተመሠረተ ሆኗል። ወደ በርበራ በሚወስደው 160 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ የቆመ የኔትወርክ መሣሪያ አዲስ ሶፍትዌር ተጭኖበት መነሣት ቢያቅተው፣ ሙከራዎቹን ቆጥሮ ወደ ቀድሞው ቅጂ ራሱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ባለሙያ ሰሪያል ገመድ ይዞ እስኪደርስ ይጠበቃል።

ሴትኤክስፐር ባለበት አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጡ እትሞች ጽሑፍን ከጽሑፍ መቀጠልና ውጤትን በተፈለገው ቅርጽ፣ በ10 መሠረትም ጭምር፣ ማውጣት ተጨምሮለታል። ከዩ-ቡት የተገነጠለው ቤርቦክስ ደግሞ ሌት በተባለ ትዕዛዝ ረዘም ያለ ስሌት ይቀበላል። ሙሉ አስሊ መጨመር ግን ቦታ ይፈልጋል፤ በአንዳንድ ራውተሮች ለቡትሎደሩ የተመደበው ፍላሽ 128 ኪሎባይት ብቻ ነው። ነባሩን የ16 መሠረት መለወጥም በየቦታው የሚሠሩ ስክሪፕቶችን ያበላሻል። ስለዚህ ቢጨመር የሚሻለው ቅንፍ ሳይሆን እያንዳንዱ ቁጥር በየትኛው መሠረት እንደሚነበብ በግልጽ የሚነገርበት መንገድ ነው።

እስከዚያው ስክሪፕት ጸሐፊው የሙከራ ገደቡን በሴትኤክስፐር ባያሰላ ይመረጣል፤ ዩ-ቡት ቆጣሪውን ከገደቡ ጋር ራሱ አመሳክሮ ገደቡ ሲታለፍ ተለዋጩን የማስነሻ ትዕዛዝ ያስኬዳል። ማስላት ግድ ከሆነም መሣሪያው ከመጋዘን ሳይወጣ ቆጣሪው 9፣ 10 እና 11 ላይ ሲደርስ የሚያደርገውን መፈተሽ ያስፈልጋል።