የቴሌቪዥኑ መስኮትና የወዛደሩ ድምፅ፤ ከፈረንሳይ የሚቀሰም ትምህርት

አንድ የፖለቲካ ፓርቲ በምርጫ የሚያድገው በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ሥር ስለያዘ ነውን? ወይስ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ጠዋት ማታ ስሙን ስለሚያነሡለት? ይህ ለምሁራን ብቻ የሚተው ጥያቄ አይደለም። በቀበሌው ማኅበር ስብሰባ ላይ ዜና አንሥቶ የሚከራከር ነዋሪና ከፋብሪካ ሲመለስ ራዲዮኑን የሚከፍት ወዛደር በየዕለቱ የሚገጥማቸው ጥያቄ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ጉዳዩን በፈረንሳዩ ብሔራዊ ግንባር ታሪክ እንመረምረዋለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕዝበኛ የሚባለው ፓርቲ መለያው ይታወቃል። ራሱን የሰፊው ሕዝብ ብቸኛ ቃል አቀባይ ያደርጋል፤ የሕዝቡን እውነተኛ ብሶት ያነሣል፤ የብሶቱን መንስኤ ግን ከብዝበዛው ሥርዓት ላይ አንሥቶ በስደተኛው፣ በባዕዱና በጎረቤቱ ላይ ይለጥፋል። በ1972 በዣን ማሪ ሌፔን መሪነት የተመሠረተው ብሔራዊ ግንባር የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ሌፔን በ1974 የፕሬዚዳንት ምርጫ አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። በ1981 ደግሞ ለዕጩነት የሚያስፈልጉትን የ500 ተመራጮች ፊርማ ማሰባሰብ ተስኖት ከውድድሩ ውጭ ሆነ።

በ1982 ሌፔን ቴሌቪዥን የፓርቲውን ጉባዔ ችላ ብሎታል ሲል ለፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፈ። ፕሬዚዳንቱም አቤቱታውን ተቀብሎ ጉዳዩን ለሚመለከተው ሚኒስትር አስተላለፈ። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ቴሌቪዥን በር ተከፈተ። ሶሻሊስቱ ፕሬዚዳንት ይህን ያደረገው የቀኙን ወገን ለመከፋፈል ነው የሚሉ ታዛቢዎች ብዙ ናቸው። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1984 ሌፔን በአንቴን 2 ጣቢያ «የእውነት ሰዓት» በተሰኘው ታዋቂ ዝግጅት ላይ ቀረበ። ከአራት ወራት በኋላ በተካሄደው የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ፓርቲው 10.95 በመቶ ድምፅና 10 መቀመጫ አገኘ።

ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ «ቴሌቪዥን ወለደው» ይላል። እኛ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንመለስ። በሴፕቴምበር 1983፣ ማለትም ከዚያ ታላቅ ዝግጅት በፊት፣ ድሩ በተባለችው የኢንዱስትሪ ከተማ በተደረገው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ የግንባሩ ዝርዝር 16 በመቶ አልፎ ነበር። ለምን? በዕድገቱ ዘመን ከሰሜን አፍሪካ ርካሽ ጉልበት ያስመጡት ከበርቴዎች ቀውሱ ሲመጣ ሠራተኛ ማባረር ጀምረው ነበር። በ1981 በወዛደሩ ድምፅ ሥልጣን የያዘው መንግሥትም በማርች 1983 ወደ ቁጠባ ፖሊሲ ዞሮ ነበር። ተስፋው የተሰበረበት ሠራተኛ ብሶቱን የሚሰማለት ፈለገ። ካሜራው የመጣው መሬቱ ከታረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ካሜራ ዘር አይዘራም፤ የተዘራውን ግን ያጠጣል፣ የትኛው ቡቃያ እንደሚጠጣም ይመርጣል እንላለን።

ይህ ምርጫ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በ2002 ታይቷል። ከፕሬዚዳንት ምርጫው በፊት በነበሩት ቀናት በኦርሌአን ከተማ በወሮበሎች የተደበደቡ አንድ አዛውንት ፊት በቴሌቪዥን መስኮት ደጋግሞ ታየ። ወንጀሉ እውነተኛና አሳዛኝ ነበር። በዚያው ወቅት በሥራ አጥነት የተጎሳቆለው ቤተሰብ ፊት ግን ያን ያህል አልታየም። ኤፕሪል 21 ቀን ሌፔን በ16.86 በመቶ ሊዮኔል ዦስፓንን ቀድሞ ወደ ሁለተኛው ዙር አለፈ። በሁለተኛው ዙር 82 በመቶ የሆነው መራጭ ዣክ ሺራክን መርጦ አሸነፈው። በቀጣዩ ዓመት በሰሜን ፈረንሳይ የሜታልዩሮፕ ኖር ማቅለጫ ፋብሪካ ተዘጋ፤ 830 ያህል ሠራተኞችም ተበተኑ። አጠገቡ ያለችው የቀድሞዋ የከሰል ማዕድን ከተማ ኤናን ቦሞን በ2014 በብሔራዊ ግንባር እጅ ገባች። ፋብሪካው ሲዘጋ የሠራተኛ ማኅበሩ የስብሰባ ቦታም ይዘጋል፤ በየቤቱ የሚቀረው አንድ መስኮት ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው።

ታዲያ ያ መስኮት የማን ነው? የቬንሳን ቦሎሬ ኩባንያዎች ካናል ፕሉስን በቁጥጥራቸው ሥር ካደረጉ በኋላ፣ በ2016 የኢ-ቴሌ ጋዜጠኞች ለ31 ቀናት የሥራ ማቆም አድማ መቱ። አድማው አልተሳካም፤ በርካቶች ለቀቁ፤ ጣቢያው በ2017 ሲ-ኒውስ ተባለ። ወንጀልንና ስደትን ዋነኛ መወያያው ያደረገው ይህ ጣቢያ በሜይ 2024 ከፈረንሳይ የዜና ጣቢያዎች ሁሉ ብዙ ተመልካች ያለው ሆነ። አፍሪካዊ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። የቦሎሬ ኩባንያ ለረጅም ዓመታት በአፍሪካ ወደቦች የጭነት ሥራ ሲያካሂድ ቆይቶ፣ ይህንኑ የአፍሪካ ዘርፉን በ2022 በ5.7 ቢሊዮን ዩሮ ሸጧል። ሀብቱ ከአፍሪካ ወደቦች ሲወጣ ድንበር አላገደውም፤ አፍሪካዊው ስደተኛ ግን በዚያው ባለቤት ጣቢያ ዘወትር እንደ አደጋ ይቀርባል።

ሆኖም መስኮቱ ሁሉን ቻይ አይደለም። የሲ-ኒውስ ዋነኛ ተናጋሪ የነበረው ኤሪክ ዜሙር በ2022 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር 7 በመቶ ብቻ አገኘ። ስለ ኑሮ ውድነት አጥብቃ የተናገረችው ማሪን ሌፔን 23 በመቶ አገኘች። ሁለቱም በስደተኛ ላይ ዘምተዋል፤ ልዩነቱ እርስዋ የሠራተኛውን ጓዳ ማንኳኳትዋ ነበር። ግን ደጃፉን አንኳኩቶ የገባ ሁሉ እንጀራ ይዞ አይመጣም። በጁላይ 2022 ግራው ክንፍ ዝቅተኛው ደመወዝ ወደ 1500 ዩሮ ከፍ እንዲል ያቀረበውን ማሻሻያ የእርስዋ ፓርቲ እንደራሴዎች ተቃወሙ። ለወዛደሩ ዋናው ዜና ይህ ነበር። ሕዝበኛነት የሚለካው በሚያሰማው ቁጣ ሳይሆን እጁን በሚያነሣበት ድምፅ ነው።

የ2024 ዓመተ ምሕረት ምርጫም ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። ብሔራዊ ስብስብ ተብሎ ስሙን የለወጠው ይኸው ፓርቲ በጁን የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ 31.37 በመቶ አገኘ፤ በብሔራዊ ምክር ቤት ምርጫ የመጀመሪያ ዙርም ከአጋሮቹ ጋር 33 በመቶ ያህል ይዞ መራ። ትንበያ አቅራቢዎችም በምክር ቤቱ አንደኛ እንደሚሆን ተናገሩ። ነገር ግን ከ200 በላይ ዕጩዎች እርሱን ለመግታት ከውድድሩ ለቀቁ፤ ሕዝቡም በብዛት ወጥቶ መረጠ፤ ጁላይ 7 ቀን ፓርቲው በመቀመጫ ብዛት ሦስተኛ ሆነ። ይሁን እንጂ ከ10 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቷልና ትግሉ አበቃ ብሎ መዘናጋት ራስን ማታለል ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንቀስመው ምንድን ነው? ስለ ሕዝበኛው ፓርቲ ዝም ማለት መድኃኒት አይሆንም፤ ብሶቱ በዝምታ አይጠፋምና። ያለ ትችት ማራገብም ነጋሪት መጎሰም ነው። ንቁ አንባቢና አድማጭ ዜና በቀረበለት ቁጥር ሦስት ጥያቄዎችን ያንሣ። ይህ ጣቢያ የማን ንብረት ነው? ስለ የትኛው ችግር ይናገራል፣ የትኛውንስ ይዘላል? ተናጋሪው ለሠራተኛው በሚጠቅም ጉዳይ ላይ ድምፁን የሰጠው ለየትኛው ወገን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በቀበሌው ውይይትና በፋብሪካው የምሳ እረፍት ላይ የሚነሡ ከሆነ፣ በየትኛውም አገር ቢሆን የሠራተኛው ብሶት የሌላ ሰው መሰላል ሆኖ አይቀርም። ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሲመለከት መስኮቱ ያሸንፈዋል፤ ተደራጅቶ ሲወያይ ግን መስኮቱን እርሱ ይመረምረዋል።