የሞተር መሞቅና የኩላንት ፍሳሽ መንስኤ እንዴት ይለያል?

ከአዲስ አበባ ተነስተው በደቡብ ወሎ ወደሚገኘው አርዲቦ ሐይቅ ለመስክ ሥራ የሚያመሩ ተሽከርካሪዎች ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ረጅም ዳገት ማለፍ ይኖርባቸዋል። በዳገቱ ሞተሩ ከወትሮው የበለጠ የሚሞቅ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2 ሺህ ሜትር ከፍታ ደግሞ ውሃ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል።

የራዲያተር ክዳን ግፊት በመያዝ ኩላንት የተባለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። በመሆኑም በቆላ ሳይታወቅ የቆየ ጥቂት ፍሳሽ ወይም የላላ ክዳን በደጋ ላይ ሞተሩን ሊያፈላ ይችላል።

መንስኤውን ለመለየት በቅድሚያ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሁኔታ የፈሳሹን መጠን ማየት፣ ቀጥሎም ራዲያተሩን፣ የቱቦዎቹን መጋጠሚያዎችና የውሃ ፓምፑን መፈተሽ ይገባል። በውጭ ፍሳሽ ሳይታይ መጠኑ ከቀነሰ፣ ነጭ ጭስ ካላቋረጠ ወይም የሞተር ዘይቱ ወተት ከመሰለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መጎዳቱን ሊያመለክት ይችላል። ተሽከርካሪው ቆሞ ሲሠራ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ፋኑ፣ በዳገት ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ የራዲያተሩ መደፈን ይጠረጠራል።

የሙቀት መለኪያው ከልክ ሲያልፍ ተሽከርካሪውን ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋትና እስኪቀዘቅዝ ክዳኑን አለመክፈት ያስፈልጋል፤ በግፊት የሚወጣው እንፋሎት ከባድ ቃጠሎ ያደርሳልና። የሐይቅ ውሃ ለጊዜው ቢያገለግልም በውስጡ ያለው ማዕድን ራዲያተሩን ሊደፍን ስለሚችል፣ ከጉዞ እንደተመለሱ ማጠብና በኩላንት መተካት ይገባል። ከልክ በላይ በሞቀ ሞተር መንዳት ግን ቴስታታውን በማጣመም፣ በአነስተኛ ወጪ ሊጠገን ይችል የነበረን የመንግሥት ንብረት ከአገልግሎት ውጭ ሊያደርግ ይችላል።